ዘግይቶ የዞረ ጀልባ

ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024

ባህታ፣

የሰላምታውን ቦታ ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። «እንደምን አለህ» ብዬ ብጽፍ መልሱን የምፈልገው ይመስልሃል። አልፈልገውም።

የማጽናኛ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ነው። ወንዙ ምን ያህል እንደሚሰፋ ጽፈሃል። መቃብሩ ላይ ከምን ዓይነት እንጨት መስቀል እንዳቆማችሁ ጽፈሃል። ልጆች ሳላችሁ አሰብ ወደብ ላይ ተስፋጋብር ከግንቡ እየዘለለ እንዴት ይዋኝ እንደነበር ጽፈሃል። እኔ የጠየቅኩህ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌ ስንት ቀን ታመመ? በሦስቱም ገጽ ፈለግኩት፣ የለም።

የቀጠራችሁ የጉዞ ድርጅት የጻፈልኝ አራት መስመር ነው። በድንገተኛ ሕመም ኦገስት 22 አረፈ፣ በሙቀቱ ምክንያት ወንዝ ዳር ባለ መንደር ተቀበረ ይላል። «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል አምኜ ሳለቅስ ከረምኩ። ትናንት ሻንጣው መጣ። ልብሶቹ ታጥበው ታጥፈዋል፤ ማን እንዳጠባቸው አላውቅም፣ ጠረኑን እንኳ አላስቀረልኝም። ከሥር የማስታወሻ ደብተሩ ነበር። ሆኽስት ፋብሪካ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ደብተር ከኪሱ እንደማይለይ አንተም ታውቃለህ። በየቀኑ የሞተሩን ሙቀትና የዘይቱን መጠን መዝግቧል። ኦገስት 16 ላይ ጽሕፈቱ ተንጋዷል። ኦገስት 17 ላይ «ሆዴ» የሚል አንድ ቃል ጽፏል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ከ17 እስከ 22 አምስት ቀን ነው፤ ድንገተኛ አይባልም።

ፋብሪካው የሱን ክፍል ዘግቶ ቤት በዋለበት ሰሞን ይህን ሥራ ያመጣህለት አንተ ነህ። «አማዞን ላይ ነው፣ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው፣ ተመራማሪዎችና ጡረተኞች ይዘን ደኑን እያሳየን ወንዙን ሽቅብ መውጣትና መመለስ ነው» ያልከው የእኔ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠህ ነው። እንግዲህ አንተው መልስ። በእነዚያ አምስት ቀናት ጀልባው ወዴት እየሄደ ነበር?

ስልክህን ዘግቼዋለሁ። በስልክ የተባለ ይካዳል። በወረቀት ጻፍ።

አዲስዓለም


ኢኪቶስ፣ ፔሩ
ኦክቶበር 1 ቀን 2024

ለወይዘሮ አዲስዓለም፣

«ወይዘሮ» ያልኩሽ ሰላምታ ስለነፈግሽኝ ነው። እኔና ተስፋጋብር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል የቆጠርነው አንቺ እሱን ከማወቅሽ ሃያ ዓመት በፊት ነው። አንቺ ባልሽን አጣሽ፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን በገዛ እጄ አፈር መለስኩበት። የኀዘን ዳኛ አድርጎ የሾመሽ የለም።

ደብዳቤሽ ከድርጅቱ ፖስታ ጋር ሰኞ ደረሰኝ። ጀልባዋ ጥገና ላይ ናት፤ እኔም የአካባቢው ፖሊስ ወረቀቱን እስኪጨርስ ከዚህ ከተማ እንዳልወጣ ተነግሮኛል።

ጠየቅሽ፣ እመልሳለሁ። ጀልባዋ ሽቅብ እየሄደች ነበር። ባለ ሁለት ወለል የእንጨት ጀልባ ናት፤ ላይ አሥራ አንድ ተጓዦች፣ ሥር እኔና እሱ ከሁለት ሞተር ጋር። ኦገስት ውሃው የሚጎድልበት ወር ነው። በየመታጠፊያው የአሸዋ ደለል ስላለ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ ጥልቀቱን እየለካ፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚኬደው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ጀልባ ማዞር ማይንሰር ላንድሽትራሰ ጎዳና ላይ መኪና እንደማዞር አይደለም። መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት መሰለን። የሚጠጣ ሰጠነው፣ አስተኛነው። ማክሰኞ ሆዱ እንደ ጣውላ ሲደርቅ አውሮፕላን ጠየቅን፤ በዝናቡ ምክንያት መውረድ አልቻለም። ያኔውኑ ጀልባዋን አዞርን። ክሊኒኩ ሦስት ቀን ይርቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት መንገድ ላይ አረፈ። ትርፍ አንጀት ነው የተባለውም ከዚያ በኋላ፣ ምልክቱን ለክሊኒኩ ሐኪም ስንነግረው ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ተስፋጋብር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልቡ እዚህ አልነበረም። ምንም ሳያመው ሦስት ጊዜ «ልመለስ» ብሎኛል። ከቤት ሲወጣ ሻንጣውን ደረጃው ላይ እንደወረወርሽበት ነግሮኛል። ከቤቱ ተረግሞ የወጣ ሰው መንገዱ እንዴት ይቃናለት? የእኔን አምስት ቀን ከመቁጠርሽ በፊት ያንን አንድ ቀን ቁጠሪ።

ባህታ


ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ
ኦክቶበር 19 ቀን 2024

ባህታ፣

«መሰለን»፣ «ሰጠነው»፣ «አስተኛነው»። ይህ «እኛ» የምትለው ሰው ማን ነው? ስም የለውም?

ሻንጣውን ወርውሬዋለሁ። እውነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ጊዜ ሻንጣ ወረወርኩ። በዚያ ልትገርፈኝ ከፈለግህ ግረፈኝ፤ ሻንጣ ግን ትርፍ አንጀት አያፈነዳም።

አርባው ሴፕቴምበር 30 ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ እማማ ኣብረኸት «ባህታስ? ጓደኛው የት ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሥራ ይዞት ነው አልኳቸው። ስለ አንተ የምዋሸው የመጨረሻ ውሸት እሱ ነው።

ከዚያ ከልጄ ከሃይሚ ጋር የተጓዦቹን ስም ማፈላለግ ጀመርን። አሁን ቦከንሃይም ከተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርታ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። አንዷ እዚሁ ሆኽስት ተገኘች፤ ፍራው ቬንትሰል የሚሏት ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ያለ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ሳልይዝ፣ በኤስባን ባቡር ሄጄ ደጇን ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጄን ይዛ አስገባችኝ። ፎቶ አሳየችኝ፤ ተስፋጋብር በግራ እጁ የጀልባውን ጠርዝ፣ በቀኙ ሆዱን ይዟል። ፊቱን አላውቀው አልኩ።

የነገረችኝ እንዲህ ነው። እሁድ ኦገስት 18 ጠዋት የጉዞው መሪ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርዶ ስለ ተስፋጋብር ጠየቀህ። አንተ የሆነ ነገር መለስክለት። ሰውየው ትከሻህን መታ መታ አድርጎ ወጣ፤ ጀልባው ሽቅብ መንገዱን ቀጠለ። ምን እንዳልክ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አልሰማችም።

እኔ ግን መስማት እፈልጋለሁ። ምክንያቱን አይደለም። ማብራሪያውን አይደለም። ያልከውን ቃል ጻፍልኝ።

አዲስዓለም


ኢኪቶስ
ኖቬምበር 6 ቀን 2024

አዲስዓለም፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

መሪው «አንተ ታውቀዋለህ፣ የልጅነት ጓደኛህ ነው። እውነት ታሟል ወይ? ላዙር?» አለኝ።

«ናፍቆት ነው። ነገ ይለቀዋል» አልኩት።

በጀርመንኛ «ሃይምቬ» ነው ያልኩት። ብዬም ሳቅሁ። ሴትየዋ መሳቄን አይታ እንደሆነ ስለማላውቅ እሱንም ጻፍኩልሽ።

ምክንያት አልፈልግም ብለሻል፤ እኔ ግን ቃሉን ብቻ ጥዬ መሄድ አልችልም። ለመሪው «ከእሱ የሚሻል የሞተር ሰው አታገኝም» ብዬ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ «ልመለስ» ሲለኝ በሰው ፊት ያሳፈረኝ መሰለኝ። ተናድጄበት ነበር። ቅዳሜ ዕለት «ባህታ፣ ሆዴን የሆነ ነገር እየበላኝ ነው» ሲለኝ «የሚበላህ ቤትህ ነው» አልኩት። የውሸት ሕመም መሰለኝ። እሁድ ቀትር ላይ የጀልባዋን የሳተላይት ስልክ ለምኖ ደወለ፤ ለማን እንደደወለ አልጠየቅኩትም። ተመልሶ ወረደ፣ መፍቻውን አነሣ፣ እስኪመሽ ሠራ። «ይኸው፣ ድኗል» አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ልመለስ አላለኝም።

ሦስት ቀን ያልኩሽም ሙሉ እውነት አይደለም። ሦስት ቀን የራቀው ማክሰኞ ነው፣ እኛው ስላራቅነው። እሁድ ጠዋት ከወራጁ ውሃ ጋር ብንመለስ ኖሮ አንድ ቀን ተኩል ነበር። ስንመለስ ሐሙስ ጠዋት ያረፈው ያው ቦታ ላይ ስንደርስ ነው። ሳን ሂላርዮ የምትባል መንደር አጠገብ፣ «ላዙር?» የተባልኩበት ቦታ። እዚያው ቀበርነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ይህን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። ውሃ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። ይህን ማወቅ ካለብሽ እወቂው።

ፖሊሱ ለቆኛል። ሥራውን ትቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ፍራንክፈርት እገባለሁ፤ ሆኽስት ጸጋይ ቤት ነው የማርፈው። ድንገት መንገድ ላይ እንዳታዪኝ ብዬ ነው የነገርኩሽ።

ባህታ


ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ
ኖቬምበር 24 ቀን 2024

ባህታ፣

ደርሶኛል። ሃይሚ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነበብኩላት። «ሃይምቬ» የሚለው ላይ ስደርስ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች። ስምህ ፊቷ እንዳይጠራ ብላለች።

ጃንዋሪ ላይ ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃድ፣ አለኝ። ሄጄ መቃብሩን አያለሁ፤ ከቻልኩም አጽሙን ይዤው እመለሳለሁ። አብሬሽ ልሂድ እንዳትል። ከኢኪቶስ እስከዚያች መንደር እንዴት እንደሚኬድ በዝርዝር ጻፍልኝ። ከዚያ ውጭ አንድ ቃል አትጨምር።

አዲስዓለም


ሆኽስት
ዲሴምበር 5 ቀን 2024

አዲስዓለም፣

የጠየቅሽውን እጽፋለሁ። አሽከርሽ ስለሆንኩ ግን አይደለም።

ከኢኪቶስ የጭነት ጀልባ ትይዣለሽ። ጀልባው የሚነሣው ጭነቱ ሲሞላ እንጂ ሰዓት ሲደርስ አይደለም፤ «ዛሬ» ካሉሽ ነገ ማለት ነው፣ «ነገ» ካሉሽ ደግሞ ጠይቂ። ሰው የሚተኛው በሁለት ጫፍ በሚታሰር የጨርቅ አልጋ ላይ ነው። ወደቡ አጠገብ ካለው ገበያ ትገዣለሽ፣ ገመዱን ለብቻ። ላይኛው ወለል ላይ፣ ከሞተሩም ከሽንት ቤቱም ራቅ አድርገሽ እሰሪው። ቀድመሽ ካልገባሽ ቦታ አታገኚም። የራስሽን ሳህንና ማንኪያ፣ የራስሽን የሚጠጣ ውሃ ያዢ። ሙቀት ነው ብለሽ ክንድሽን አታጋልጪ፤ ትንኙ ይጨርስሻል።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ ያለበት ከተማ ላይ ውረጂና ሬናቶን ጠይቂ። ትንሽ ባለ ሞተር ታንኳ አለው፤ ከተጓዦች የለቃቀማት ጀርመንኛም አለችው። ጃንዋሪ ውሃው ስለሚሞላ ሽቅብ ሁለት ቀን ይወስዳል። ታንኳው ላይ መካከል ተቀመጪ፣ እጅሽን ውሃ ውስጥ አታስገቢ። ሬናቶ ቦታውን ያውቃል። ያኔ ጀልባችን ላይ ከፊት ቆሞ በዘንግ ይለካ የነበረው እሱ ነው፤ ጉድጓዱንም አብሮኝ ነው የቆፈረው።

አንድ ቃል እንዳልጨምር ብለሻል፤ እጨምራለሁ። ልብሱን ያጠበችው ኤርሊንዳ የምትባል የመንደሯ ሴት ናት። ገንዳችንም ሳሙናችንም እያለ እምቢ ብላ ወንዝ ወርዳ አጠበችው። «ጠረኑን እንኳ አላስቀረልኝም» ብለሽ በነገር ያነሣሽው እሷን ነውና እወቂው።

ባህታ


ሳን ሂላርዮ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2025

ባህታ፣

ደርሻለሁ። የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው፤ «ነገ» ያሉኝ ጀልባ በሦስተኛው ቀን ነው የተነሣው። ላይኛው ወለል ላይ ስልሳ ያህል ሰው፣ ሥር ሲሚንቶ፣ ማቀዝቀዣና ዶሮ። አልጋዬን ሳስር ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። አጠገቤ የነበረች አሮጊት ተነሥታ አሰረችልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የማየው ቡናማ ውሃና አረንጓዴ ግድግዳ ነበር። መጀመሪያ አስፈራኝ፤ በኋላ ግን ተስፋጋብር ይህን ለማየት ለምን እንደጓጓ ትንሽ ገባኝ። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ሬናቶ ታንኳውን በዛፎቹ መሐል ሲነዳ ቅርንጫፉ ፊቴን ይዳስሰኝ ነበር። ሞተሩን ሲያጠፋው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እኔም በትዳራችን ዘመን አንድ ቀን እንኳ «ምን ታያለህ?» ብዬ እንዳልጠየቅኩት አሰብኩ።

መቃብሩን አየሁ። ውሃው ከመስቀሉ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ነው፤ መስቀሉም ዘንብሏል። ኤርሊንዳ በሬናቶ በኩል እንደነገረችኝ፣ ውሃው በሚቀጥለው ወር መቃብሩ ድረስ ይመጣል። አጽሙን ወደ ፍራንክፈርት ልውሰድ ብዬ እዚህ ያለውን ሹም ስጠይቀው ወረቀቱ እንደማያልቅ ገባኝ። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ከፍ ወዳለው ቦታ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሊያዛውሩት ተስማምተዋል። እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ።

አሁን የምጽፈውን ከዚህ ርቄ ልጽፈው አልችልም ነበር።

እሁድ ቀትር ላይ የደወለው ለእኔ ነው።

ፍራንክፈርት ምሽት አንድ ሰዓት ነበር፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ፈረቃዬን ጨርሼ ትራም እየጠበቅኩ ነበር። «አዲስ፣ በቀኝ ጎኔ በጣም ያመኛል። ባህታ አላመነኝም። አንቺ ለድርጅቱ ደውለሽ ጀልባውን እንዲያዞሩት ንገሪያቸው» አለኝ። የድርጅቱ ስልክ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፎ ነበር።

እኔ ምን እንዳልኩት ልጻፍልህ፤ ቃሉን። «አንተ ነህ የመረጥከው። ጀመርከው፣ ጨርሰው። ለእኔ አትደውል» አልኩት። ዘጋሁት። ትራሙ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

በቀን አሥር ጊዜ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» እያልኩ አሮጊቶችን የምጠይቅ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ቀኝ ጎን ሲባል ምን እንደሆነ ከአንተ በላይ አውቃለሁ። ባሌን አልጠየቅኩትም። «ከዚያ በኋላ ልመለስ አላለኝም» ብለህ ጽፈሃል። ለምን እንዳላለህ የማውቀው እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ አንተን የመረመርኩህ ጥያቄው ወደ እኔ እንዳይዞር ነው።

ይህ ካንተ ላይ ምንም አያወርድልህም። ይቅር አላልኩህም። ምናልባትም አልልም። አንተ አጠገቡ ነበርክ፣ ፊቱን ታየው ነበር።

አንድ ነገር ግን ታደርጋለህ። ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ወደ ፍራንክፈርት በምትበር ተጓዥ እጅ ይደርስሃል። ቦከንሃይም ይዘኸው ሂድና ለሃይሚ አንብብላት። እኔ ልንገራት ብል እያለቀስኩ ነው የምነግራት። ሳለቅስ ታዝንልኛለች፤ ካዘነችልኝ ደግሞ ያልኩትን አትሰማውም። ሌላ ሰው ቢያነብላት ያለሳልስልኛል። አንተ አታለሳልስልኝም። እንደጻፍኩት አንብበው፣ ምንም ሳትዘል።

አዲስዓለም


ሆኽስት
ጃንዋሪ 28 ቀን 2025

አዲስዓለም፣

ይህን በድርጅቱ ፖስታ ወደ ኢኪቶስ ልኬዋለሁ፤ ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ሃይሚ በሩን ከፍታ አየችኝ፣ ልትዘጋው ነበር። «ከእናትሽ ነው፣ አንብብላት ተብዬ ነው» ስላት አልዘጋችውም፣ አላስገባችኝምም። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ጎረቤቶቿ ሁለት ጊዜ በመሐላችን አልፈው ወጡ። «ለእኔ አትደውል» የሚለውን አነበብኩ። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ለእኔ የጻፍሽውንም፣ ይቅር እንዳላልሽኝ የሚለውንም አነበብኩት፤ ምንም አልዘለልኩም።

አንብቤ ጨረስኩ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ፤ አልተቀበለችኝም። ወደ ውስጥ ገባች። የሄደች መስሎኝ ልወርድ ስል አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ቆሜ ጠጣሁት። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና በጀርመንኛ አውሮፕላንሽ መቼ እንደሚያርፍ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «ጠይቅልኝ» አላለችም፤ «አትጠይቅ»ም አላለችም።

እኔ አውሮፕላን ማረፊያው አልመጣም። አንቺ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊላት፤ ቁጥር ለማንበብ እኔ አላስፈልጋትም።

ባህታ